ሶኬቱ መሥራቱ የመስመሩን ደኅንነት አያረጋግጥም፦ ስለ ቀለበት መስመር ብልሽት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በብሪታንያ ለሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎች የተዘጋጀና በቤት ውስጥ የሶኬት መስመር ላይ የሚደርስን ብልሽት ነዋሪው ራሱ ፈልጎ እንዴት ሊያስተካክል እንደሚችል የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እኔም ዘንድ ደርሶ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ለመጻፍ መነሣታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ከአገራችን ስንመጣ የምናውቀው የሶኬት አዘረጋግና እዚህ በየግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ የሚጠብቀን አዘረጋግ የተለያዩ ሲሆኑ፣ ልዩነቱን በቋንቋችን የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ከተሰጡት ምክሮች መካከል አንዳንዶቹ ሰው ቢከተላቸው ቤት ሊያቃጥሉ፣ ሕይወትም ሊያጠፉ የሚችሉ ስለሆኑ፣ በለንደን በዚሁ ሙያ የምተዳደር ሰው እንደ መሆኔ በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም። ነጥቦቹን በቀረቡበት ቅደም ተከተል እያነሣሁ መልስ እሰጣለሁ።

ጸሐፊው ስለ ቀለበት መስመር አሠራር የሰጡት መግለጫ ትክክል ነው። በቀለበት መስመር ከብሬከር ሣጥኑ የተነሣው ኬብል ሶኬቶቹን አንድ በአንድ አዳርሶ ዞሮ ወደዚያው ብሬከር ይመለሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሶኬት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሁለት አቅጣጫ ነው። በአገራችን በተለመደው አዘረጋግ ግን ኬብሉ ከብሬከሩ ተነሥቶ በመጨረሻው ሶኬት ላይ ያበቃል፣ የብሬከሩም መጠን ኬብሉ ከሚሸከመው አይበልጥም። ጸሐፊው ሳይጠቅሱት ያለፉት ዋና ነገር ይኸው ነው፦ በቀለበት መስመር ላይ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ኬብል ከ32 አምፔር ብሬከር ጋር ይገናኛል። የብሪታንያው የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ ቢኤስ 7671 ይህን የሚፈቅደው ኬብሉ ቢያንስ 20 አምፔር የሚሸከም ከሆነና ሁለቱ እግሮች፣ ማለትም ከብሬከሩ በሁለት አቅጣጫ የሚወጡት የቀለበቱ ጎኖች፣ ጭነቱን የሚካፈሉ ከሆነ ነው። መካፈሉ በቀረበት ቀን ብሬከሩ ለኬብሉ ጠባቂ መሆኑ ያበቃል።

የጽሑፉ የመጀመሪያ ነጥብ ሁሉም ሶኬቶች እየሠሩ ከሆነ ቀለበቱ ደኅና ነው የሚል ነው። የቀሩት ስሕተቶች የሚመነጩት ከዚህ ስለሆነ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ ከተበጠሰበት ወዲህ ያሉት ሶኬቶች ከአንደኛው እግር፣ ወዲያ ያሉት ደግሞ ከሌላው እግር ኤሌክትሪክ ማግኘታቸውን ይቀጥላሉ። ሬዲዮው ይናገራል፣ ስልኩ ይሞላል፣ ብሬከሩም አይወድቅም። ብልሽቱ በዚህ ሁኔታ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ጉዳቱ የሚታየው ጭነቱ ሲሰላ ነው። በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ 2.2 ኪሎዋት የሚወስድ የልብስ ማጠቢያ፣ 2.5 ኪሎዋት የሚወስድ ማድረቂያና 3 ኪሎዋት የሚወስድ የውኃ ማፍያ በአንድ ጊዜ ቢሠሩ ድምሩ 7.7 ኪሎዋት ይሆናል፤ ይህም በ230 ቮልት 33.5 አምፔር ያህል ነው። ቀለበቱ ሙሉ ከሆነ ሁለቱ እግሮች ይህን እንደየርቀታቸው ይካፈሉታል። አንደኛው እግር ከብሬከሩ አጠገብ ተበጥሶ ከሆነ ግን 33.5 አምፔሩ በሙሉ በአንድ ኬብል ላይ ያርፋል። ያ ኬብል በግድግዳ ላይ በግልጥ የተዘረጋ ቢሆን የሚሸከመው 27 አምፔር ነው፤ ከጣሪያ በላይ በወፍራም የሙቀት መከላከያ ሥር የተቀበረ ከሆነ ደግሞ 17 አምፔር ብቻ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በመጀመሪያው ሁኔታ ኬብሉ ከተፈቀደለት ሙቀት አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሁለተኛው ደግሞ አራት እጥፍ ገደማ ያመነጫል፤ የፕላስቲክ ሽፋኑ ግን የተሠራው 70 ዲግሪ ሴልሺየስን እንዲችል ነው። ብሬከሩስ? ባለ 32 አምፔር ብሬከር እስከ 36 አምፔር ድረስ እንዳይወድቅ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ይህን ሁሉ እንደ ጤነኛ ጭነት ይቆጥረዋል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ቀለበቱ ቢበጠስም ሶኬቶቹ መሥራታቸውን መቀጠላቸው የአሠራሩ መልካም ጎን ስለሆነ ጥገናው አያስቸኩልም የሚለው፣ ከላይ በተነገረው ምክንያት አይቆምም። በብሪታንያ የቤት ኤሌክትሪክ ምርመራ ሪፖርት ላይ የተበጠሰ ቀለበት በአብዛኛው ሲ2 የሚል ምልክት ይሰጠዋል፤ ትርጉሙም አደጋ ሊያስከትል የሚችል ማለት ነው። የተበጠሰው የኧርዙ (ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው) ሽቦ ከሆነ ነገሩ ይብስበታል። አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ ሁሉም ሶኬት በሌላው አቅጣጫ ኧርዝ ስለሚያገኝ ማንም ሳያውቅ ይቆያል፤ ሁለተኛ ቦታ ላይ ሲበጠስ ግን በሁለቱ መካከል ያሉት ሶኬቶች ያለ ኧርዝ ይቀራሉ፣ የማጠቢያ ማሽኑ አካልም ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ቢነካው ኤሌክትሪኩን የሚያስወግድበት መንገድ አይኖረውም። መስመሩን ወዲያው መጠገን ካልተቻለ ባለሙያ 32ቱን ብሬከር አንሥቶ በ20 አምፔር ብሬከር ሊተካው ይችላል። ከባድ መሣሪያዎች በአንድ ላይ ሲሠሩ ብሬከሩ ይወድቅ ይሆናል፤ ኬብሉ ግን ይድናል።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ መመርመሪያ ነው። ጸሐፊው የሚያበራ ቴስተር ካቻቢቴ በእያንዳንዱ ሶኬት ላይ እየነኩ መሞከር በቂ መሆኑን ይናገራሉ። ቴስተሩ የሚበራው በያዘው ሰው አካል ውስጥ በሚያልፍ እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ ስለሆነም የሚናገረው ጫፉ በነካው ቦታ ቮልቴጅ መኖሩን ብቻ ነው። ኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) ተቋርጦ ዕቃ ተሰክቶ ከሆነ ኒውትራሉ ላይም ይበራል። አለመብራቱ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ሰውየው በፕላስቲክ ወለል ላይ ስለቆመ ወይም ቴስተሩ ስለተበላሸ ሊሆን ይችላልና፣ በዚያ ተማምኖ ሽቦ መንካት ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። መስመር መሞቱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሌለበት መሆኑ፣ የሚረጋገጠው ሁለት ጫፍ ባለው የቮልቴጅ መመርመሪያ ነው፤ እርሱም ከምርመራው በፊትና በኋላ በሚታወቅ የኤሌክትሪክ ምንጭ ላይ ተሞክሮ መሥራቱ መታየት አለበት። ሦስት መብራት ያለውና በሶኬቱ ላይ የሚሰካው መመርመሪያም ኒውትራልና ኧርዝ ተለዋውጠው ቢገኙ አይለይም፣ ቀለበቱ ሳይበጠስ ሙሉ መሆኑንም አያሳይም።

የቀለበትን ጤንነት የሚናገረው መስመሩ ጠፍቶ የሚደረግ የኦም (የሽቦው ተቃውሞ) ልኬት ነው። ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይጠፋል፣ መሞቱ ይረጋገጣል፣ የተሰኩት ዕቃዎች ሁሉ ይነቀላሉ፣ የቀለበቱ ሁለት ጫፎች ከብሬከር ሣጥኑ ይፈታሉ። ከዚያ የፌዙ ሁለት ጫፎች፣ የኒውትራሉ ሁለት ጫፎች፣ የኧርዙም ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ይለካሉ። ጠቅላላ ርዝመቱ 60 ሜትር የሆነ ቀለበት ብንወስድ፣ የ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ፌዝ 0.44 ኦም፣ ኒውትራሉም እንዲሁ 0.44 ኦም፣ ቀጠን ያለው የ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ኧርዝ ደግሞ 0.73 ኦም ገደማ ማሳየት አለባቸው። ፌዝና ኒውትራል ከ0.05 ኦም በላይ ከተለያዩ የላላ ማያያዣ እንዳለ ይጠረጠራል፤ መለኪያው ግንኙነት እንደሌለ ካሳየ ያ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ተበጥሷል።

ይህ ብቻ ግን በቂ አይደለም፤ ጫፎቹ ተገናኝተው ሳለ በመካከል አንድ ሰው ሁለቱን የቀለበት ጎኖች በአቋራጭ ኬብል አገናኝቷቸው የስምንት ቁጥርን ቅርጽ አስይዟቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንደኛው ጫፍ ፌዝ ከሌላው ጫፍ ኒውትራል ጋር፣ የሌላውም ፌዝ ከፊተኛው ኒውትራል ጋር ተሻግረው ይታሰሩና በየሶኬቱ ላይ በፌዝና በኒውትራል መካከል ይለካል። በምሳሌያችን ቀለበት የትኛውም ሶኬት ላይ 0.22 ኦም ያህል መነበብ አለበት። ይኸው በፌዝና በኧርዝ ሲደገም 0.29 ኦም ገደማ ይሰጣል፤ አንዱ ሶኬት ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ከተገኘ ከቀለበቱ ተቀጥሎ በወጣ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ነው ወይም ማያያዣው ላልቷል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ልብ ይባል፦ የተሻገሩ መስሏቸው የአንዱኑ ኬብል ፌዝና ኒውትራል ካሰሩ ንባቡ ወደ ቀለበቱ መካከል በተጠጉ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል፣ ጤነኛውም መስመር የተበላሸ ይመስላል። ግድግዳ ከመፍረሱ በፊት ማሰሪያዎቹን አለዋውጦ እንደገና መለካት ይጠቅማል።

አራተኛው ነጥብ የተበጠሰውን ቦታ ለማግኘት ሁሉንም ሶኬቶች በተራ እየፈቱ ማየትን ይመክራል። ይህ አደገኛ ነው ባልልም አድካሚ ነው፤ በተጨማሪም የቆዩ ሽቦዎችን በየቦታው ማጠፍና መዘርጋት ራሱ አዲስ ብልሽት ይፈጥራል። የተሻለው መንገድ አንድም ሶኬት ሳይፈታ ይጀመራል። ፌዙ ተበጥሶ ኧርዙ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ፣ በብሬከር ሣጥኑ ዘንድ የአንደኛውን እግር ፌዝና ኧርዝ ብቻ አገናኝቶ ሌላውን እግር ለየብቻው መተው፣ ከዚያም በየሶኬቱ ፊት በፌዝና በኧርዝ መካከል መለካት ነው። ንባብ የሚሰጡት ሶኬቶች በዚያ እግር በኩል ያሉት ናቸው፣ ንባቡም ከሣጥኑ በራቁ ቁጥር ይጨምራል፤ ምንም የማያሳዩት ከተበጠሰበት ወዲያ ያሉት ናቸው። ማሰሪያው ወደ ሌላው እግር ተዛውሮ ሲደገም እነዚያኞቹ በተራቸው ይናገራሉ። ከሁለቱም ወገን ከፍተኛውን ንባብ የሰጡት ሁለት ሶኬቶች ቅርንጫፍ ላይ ያሉ ካልሆኑ ብልሽቱን ከግራና ከቀኝ የያዙት እነርሱ ናቸው፤ ካቻቢቴ የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ በአንዱ ኋላ ብሎኑ የላላ ወይም ከማያያዣው የወጣ ሽቦ ይገኛል፤ ሽፋኑ ቡናማ ሆኖ ከተገኘ ሲሞቅ እንደነበረ ምልክት ነው፣ ያ ሶኬትም መቀየር አለበት።

ሁለቱም ሶኬቶች ጤነኛ ሆነው ሲገኙ ብልሽቱ በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቤት ገጥሞኛል፤ ከዓመታት በፊት ወጥ ቤቱን ያደሰ ሰው አንድ ሶኬት ነቅሎ፣ ሁለቱን የኬብል ጫፎች እርስ በርስ በማገናኘት ፈንታ ለየብቻ በፕላስተር ጠቅልሎ፣ በላያቸው ላይ የግድግዳ ሸክላ ለጥፎባቸው ነበር። በዚያ ቤት የሚኖሩት ቤተሰቦች ማጠቢያውንና ማድረቂያውን በአንድ ላይ ሲያሠሩ ኖረዋል፣ ያዩትም ችግር አልነበረም። ኬብሉን ከግድግዳው ስናወጣው ግን ሽፋኑ ደርቆ በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር።

አምስተኛው ነጥብ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ ፈጥኖ የሚቆርጠው መከላከያ፣ የአርሲዲ፣ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ አርሲዲው በየጊዜው እየወደቀ ካስቸገረ ደክሟል ማለት ስለሆነ በተራ ብሬከር ተክቶ መገላገል እንደሚቻል ይናገራል። ይህን ምክር አንባቢዎች ፈጽሞ እንዳይከተሉ አጥብቄ እለምናለሁ። የ30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ የሚወድቀው ከፌዝ የወጣው ኤሌክትሪክ በኒውትራል ሳይመለስ በሌላ መንገድ ሲሄድ ነው፤ ያ ሌላ መንገድ የሰው አካል ሊሆን ይችላል። በእርግጥ አርሲዲ ሊያረጅ ይችላል፤ ይህ ግን የሚታወቀው በመሣሪያ ተፈትኖ ነው፣ የሚተካውም በሌላ አርሲዲ ነው።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያጠፉ የተበላሸውን መስመር መለየት እንደሚቻል ጠቁመዋል። ይህ ፌዝ ኧርዝን በነካበት ጊዜ ይሠራል። ኒውትራል ኧርዝን በነካበት ጊዜ ግን ያሳስታል፤ የተለመደው ብሬከር የሚቆርጠው ፌዙን ብቻ ነውና፣ ብሬከሩ ጠፍቶም የመስመሩ ኒውትራል ከጋራው የኒውትራል ዘንግ ጋር እንደተገናኘ ይቆያል። በዚህም ምክንያት በሳሎኑ ቀለበት ላይ ያለ ብልሽት፣ የሳሎኑ ብሬከር ጠፍቶ ሳለ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ውኃ ማፍያ ሲበራ አርሲዲውን ሊጥለው ይችላል። ነዋሪው ውኃ ማፍያውን ይጥላል፣ አዲስ ይገዛል፣ ያው ይደገማል። መፍትሔው ዋናው ማጥፊያ ጠፍቶ የእያንዳንዱን መስመር ኒውትራል ከዘንጉ አውጥቶ በ500 ቮልት የሽፋን መለኪያ መፈተን ነው፤ ይህም የባለሙያ ሥራ ነው። ደንቡ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ንባብ 1 ሜጋ ኦም ነው፤ እኔ ግን ሌሎቹ መስመሮች ከ200 በላይ ሲያሳዩ 2 ሜጋ ኦም ብቻ ያሳየን መስመር ሳልመረምር አላልፍም፤ እርጥበት የገባበት ወይም አይጥ የበላው ኬብል መጀመሪያ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ልዩነት ነው። ነዋሪው በራሱ ማድረግ የሚችለው ዕቃዎቹን ሁሉ ነቅሎ አንድ በአንድ እየሰካ አርሲዲውን የሚጥለውን መለየት ነው፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ መንቀል ያስፈልጋል።

ስድስተኛው ነጥብ መስመሩ ቀለበት ስለሆነ ከየትኛውም ሶኬት ላይ የፈለጉትን ያህል ሶኬት መቀጠል ይቻላል ይላል። አይቻልም። ፊውዝ የሌለው አንድ ቅርንጫፍ የሚመግበው አንድ ነጠላ ወይም አንድ መንታ ሶኬት ብቻ ነው፤ ከቅርንጫፍ ላይ ሌላ ቅርንጫፍ አይወጣም። በሶኬቱ ኋላ ሁለት ኬብል መታየቱም የቀለበቱ አካል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፣ በስሕተት ከተቀጠለ ቅርንጫፍ መካከል ያለ ሶኬትም ሁለት ኬብል አለውና።

ሰባተኛው ነጥብ ቀለበት መስመር መዳብ ለመቆጠብ ሲባል የመጣ የጦርነት ጊዜ ቅሪት ስለሆነ ሁሉም ሰው ሊያስቀረው ይገባል የሚል ነው። ከታሪኩ እውነት አለበት፤ አሠራሩ የተቀረጸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጦርነቱ በኋላ ለሚሠሩ ቤቶች ሲታሰብ ነው፣ ፊውዝ በውስጡ ያለው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስፒና ደረጃ ቢኤስ 1363ም እ.ኤ.አ. በ1947 ወጥቷል። መዳብ መቆጠቡ ግን ብቸኛው ዓላማ አልነበረም፤ በየክፍሉ ብዙ ሶኬት በአነስተኛ ወጪ ማዳረስም ነበር። ቀለበትን ቆርጦ ሁለት ቀጥተኛ መስመር ማድረግም ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳ ሳይፈርስ ሊገኝ በማይችል ብልሽት ላይ እኔም አድርጌዋለሁ። አደጋው ጸሐፊው በጨመሩት ቃል ላይ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ 32 አምፔሩን ብሬከር ለሁለቱም ማቆየት ይቻላል ብለዋል። እያንዳንዱ የ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር የራሱ 20 አምፔር ብሬከር ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ የተሠራው ሥራ ቀለበቱን በገዛ እጅ መበጠስ ነው።

በመጨረሻ የተጠቀሰው የምጣድ ነገር ነው። ጽሑፉ እንጀራ ሲጋገር ስፒናው የሚግለው ቀለበቱ ስለተበጠሰ እንደሆነ ያስረዳል። በአብዛኛው ምክንያቱ ከዚህ የቀረበ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ 3.5 ኪሎዋቱ በ230 ቮልት ከ15 አምፔር በላይ ነው፣ የዚህ አገር ስፒና ግን የተሠራው ለ13 አምፔር ነው። የ13 አምፔር ፊውዝ 15 አምፔርን ሳይቃጠል ለረጅም ሰዓት ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ስፒናውና ሶኬቱ በዚያ ጊዜ ሁሉ ይግላሉ፣ ሙቀቱም የሶኬቱን ምላስ ያላላዋል፣ የላላው ምላስ ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ከዚህም የባሰው ክብ ሁለት እግር ያለውን ስፒና ፊውዝ በሌለው ማሸጋገሪያ ላይ መሰካት ነው፤ ያን ጊዜ ቀጭኑን የምጣድ ገመድ የሚጠብቀው 32 አምፔሩ ብሬከር ብቻ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ምጣድ ከብሬከር ሣጥኑ የራሱ መስመር ሊዘረጋለት ይገባል።

ጸሐፊው ተከራዮች የቤቱን መስመር ራሳቸው እንዲያስተካክሉ የመከሩት የቤት ባለቤቶች አይሰሙም በሚል ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ደንብ ግን የግል አከራዮች የቤቱን ኤሌክትሪክ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ብቃት ባለው ሰው እንዲያስመረምሩና ሪፖርቱን ለተከራዩ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ሲ1 (አደጋው አሁኑኑ ያለ) ወይም ሲ2 የሚል ምልክት የተሰጠው ነገርም በ28 ቀን ውስጥ፣ ሪፖርቱ ፈጥኖ እንዲደረግ ካዘዘም ከዚያ ባጠረ ጊዜ፣ መጠገን አለበት። ተከራዩ ሪፖርቱን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በላዩ ላይም ለሶኬት መስመሮቹ የፌዝ፣ የኒውትራልና የኧርዝ ቀለበት ንባቦች ከላይ በተገለጸው መልክ መሞላታቸውን ይመልከት። ቦታው ባዶ ከሆነ ቀለበቱ አልተለካም ማለት ስለሆነ ለምን እንዳልተለካ አከራዩን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ምላሽ ካጣም ጉዳዩን ለአካባቢው ምክር ቤት ማመልከት ይችላል።